ግብ ጠባቂው በ16 ከ50 መስመር ላይ ኳስ ሲይዝ፦ ረዳት ዳኛው የት ይቆማል፣ ምንስ ያያል?

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂው አራት ኪሎ አካባቢ የሚኖሩ፣ የዳኝነት ሥልጠና ወስደው ሁለተኛ ዓመታቸውን የያዙ ረዳት ዳኛ ናቸው። በአንድ እሑድ ጠዋት ጃን ሜዳ ላይ ሁለት የጤና ቡድኖች ሲጫወቱ መስመሩን ይዘው ነበር። ከመሐል ሜዳ በረጅሙ የተላከ ኳስ ተከላካዮቹን አልፎ ሲመጣ ግብ ጠባቂው ከግቡ ወጥቶ በ16 ከ50 መስመር፣ ማለትም ከግቡ መስመር 16.5 ሜትር ርቆ የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉን ከፊት በሚዘጋው መስመር፣ አቅራቢያ ዘለለና በሁለት እጁ ያዘው። ጠያቂው ሁለቱም እግሮቹ ከመስመሩ ውጪ ሲያርፉ ስላዩ ባንዲራ አነሡ፤ ዋና ዳኛውም ቅጣት ምት ሰጥቶ ግብ ጠባቂውን በቀይ ካርድ አሰናበተው። አጥቂው ወደ ማዕዘኑ አቅጣጫ ይሮጥ እንደነበረ፣ ሁለት ተከላካዮችም ወደ ግቡ ተመልሰው እንደነበረ፣ እርሳቸው ራሳቸው ደግሞ ከመስመሩ ሦስት እርምጃ ያህል ወደ መሐል ሜዳ ቀርተው እንደነበረ በቅንነት ጽፈዋል። ጥያቄዎቻቸው አራት ናቸው፦ እግሩን ማየቴ ትክክል ነበር ወይ? የት መቆም ነበረብኝ? ምልክቱን እንዴት መስጠት ይገባኝ ነበር? ቀይ ካርዱስ ተገቢ ነው?

እግሩን ማየትዎ ስሕተት ነበር። ግብ ጠባቂ በእጁ መጫወት የሚፈቀድለት በራሱ የፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ነው፤ ከዚያ ውጪ ሲሆን እንደ ማንኛውም ተጫዋች ይቆጠራል። ጥፋቱ ግን በእጅ መንካት ስለሆነ፣ የተፈጸመበት ቦታ የሚለካው እጅና ኳስ በተገናኙበት ነጥብ ነው። ሰውየው የቆመበት ወይም ያረፈበት ቦታ በዚህ ፍርድ ውስጥ ምንም ድርሻ የለውም። ሁለት እግሩን ከክልሉ ውጪ ተክሎ እጁን ወደ ውስጥ በመዘርጋት ኳሱን የያዘ ግብ ጠባቂ ያጠፋው ነገር የለም። በተቃራኒው እግሩ በክልሉ ውስጥ ሆኖ ሰውነቱን ወደ ፊት ጥሎ ከመስመሩ ውጪ ያለውን ኳስ በጣቱ ጫፍ የነካ ግብ ጠባቂ ጥፋተኛ ነው። ከክልሉ ውጪ ደግሞ መያዝም ሆነ በቡጢ መምታት ወይም በጣት መግፋት ልዩነት የለውም፤ ሁሉም በእጅ መንካት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የመስመሩ ጉዳይ ነው። ስለ ሜዳው በሚናገረው በእግር ኳስ ሕግ 1 መሠረት መስመሮች የሚከልሉት ክልል አካል ናቸው፤ ስለዚህ የ16 ከ50 መስመር ራሱ የክልሉ ውስጥ ነው። መስመሩ እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ሊሰፋ ይችላል፤ የኳሱ ዙሪያ ከ68 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የኳሱ ውፍረት ወደ 22 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ይህን ሁሉ በአንድ ቅጽበት በዐይን መለካት ስለማይቻል፣ በሥራ ዘመኔ ሁሉ የተመራሁበት አንድ ደንብ አለኝ፦ ከኳሱ ጥቂቱ እንኳ ከመስመሩ በላይ ካለ ባንዲራዬን አላነሣም። ኳሱ በአየር ላይ ሲሆን ከመስመሩ ውጨኛ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ የወጣ ግድግዳ እንዳለ አድርጌ አስባለሁ፤ ኳሱ ያን ግድግዳ ሙሉ በሙሉ አልፎ እጅ ሲያገኘው ካየሁ ብቻ እጄ ይንቀሳቀሳል። የጥርጣሬው ጥቅም ለተጫዋቹ ይሁን ማለቴ ብቻ አይደለም፤ እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ነገር ለዋና ዳኛው እርግጥ አስመስዬ ማቀበል ስለማይገባኝ ነው።

ተከታታይ ንክኪ ሲኖር ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። ግብ ጠባቂው ኳሱን በክልሉ ውስጥ በደንብ ይዞት ዝናብ ባራሰው ሣር ላይ ተንሸራትቶ ከነኳሱ ቢወጣ፣ ኳሱ በእጁ እንዳለ ግድግዳውን ካለፈበት ቅጽበት ጀምሮ ጥፋት አለ። ኳሱን መስመሩ ላይ ለቅቆ ሰውነቱ ብቻ ተንሸራትቶ ቢወጣ ግን ምንም የለም። ከክልሉ ውጪ በእጁ ነክቶ አቁሞት ወደ ውስጥ ጎትቶ ቢይዘው ጥፋቱ የተፈጸመው በመጀመሪያው ንክኪ ነው፤ ቅጣት ምቱም ከዚያው ቦታ ይመታል። በዚህ የመጨረሻ ሁኔታ ብዙ ረዳት ዳኞች የሚታለሉት ዐይናቸው የሚያርፈው ግልጽ ሆኖ በሚታየው በሁለተኛው መያዝ ላይ ስለሆነ ነው።

ለመሆኑ ዐይን ለምን ወደ እግር ይሄዳል? እግር ከመስመሩ ጋር በአንድ መሬት ላይ ስለሚያርፍ ሁለቱን ጎን ለጎን ማነጻጸር ቀላል ነው። በአየር ላይ ያለ ኳስ ግን ከሥሩ የተሰመረ ነገር የለውም። እርስዎ ከመስመሩ ሦስት እርምጃ ርቀው ስለነበረ ኳሱ የት እንዳለ ዐይንዎ ሊነግርዎ አልቻለም፤ ስለዚህ ሊነግርዎ የሚችለውን ነገረዎት፣ እግሩን። ሁለተኛው ጥያቄዎ፣ ማለትም የመቆሚያው ጉዳይ፣ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልስ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ በቦታው ላይ ያልደረሰ ረዳት ዳኛ ኳሱን ለማየት ቢወስንም እንኳ በትክክል አያየውም።

ይህን በስሌት ላሳይዎት። ዐይንዎ ከመሬት በ1.70 ሜትር ከፍታ ላይ ነው እንበል፤ ግብ ጠባቂው ጎንበስ ብሎ ኳሱን በ85 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያዘው፤ ኳሱም በትክክል ከመስመሩ በላይ ነው። እርስዎ ከመስመሩ 2 ሜትር ወደ መሐል ሜዳ ቀርተዋል። ኳሱ የተያዘበት ከፍታ የዐይንዎ ከፍታ እኩሌታ ስለሆነ፣ ከዐይንዎ ተነሥቶ በኳሱ በኩል የሚያልፈው የእይታ መስመር መሬት የሚነካው እርስዎ ከኳሱ ባለዎት ርቀት እጥፍ ላይ ነው። እዚያ ሲደርስ 2 ሜትሩም እጥፍ ይሆንና ኳሱ ከመስመሩ 2 ሜትር ወደ ግቡ የገባ ሆኖ ይታያል። ኳሱ በቅርብ ቢያዝም በሩቅ ውጤቱ ያው ነው። ከመስመሩ አልፈው 2 ሜትር ወደ ግቡ ቀድመው ከሆነ ደግሞ ያው ኳስ 2 ሜትር የወጣ ይመስላል። ኳሱ ከዐይንዎ ከፍታ በላይ ከተያዘ የእይታው መስመር ሣሩን ጨርሶ አይነካም፤ የሚገጥመው ከወዲያኛው ወገን ካለው ተመልካች ወይም አጥር ጋር ነው። ባጭሩ፣ የዘገየ ረዳት ዳኛ የወጣውን ኳስ ገብቷል ይላል፤ የቀደመው ደግሞ የገባውን ወጥቷል ይላል፤ ሁለቱም ያዩትን በሐቀኝነት እየተናገሩ ይሳሳታሉ። ከመስመሩ ጋር በትክክል እኩል የቆመ ሰው ብቻ ኳሱ ከፍ አለ ዝቅ አለ ሳይል ግድግዳውን በጠርዙ በኩል ያየዋል።

በስሌት ማመን ለሚከብደው ሰው ከተማችን ራሷ ታስረዳለች። ከለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ቆመው በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ቤት እየተመለከቱ የአንበሳውን ሐውልት ጫፍ በሩቅ ካለ አንድ ሕንፃ ጠርዝ ጋር ያጋጥሙት። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ይበሉ። ሐውልቱም ሕንፃውም ከቦታቸው አልተነቃነቁም፤ ግጥሙ ግን ፈርሷል። ሜዳ ላይ ኳሱ ሐውልቱ ነው፣ መስመሩና ከበስተጀርባው ያለው ነገር ደግሞ ሕንፃው።

እኔም በዚህ ተሳስቻለሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ የክለቦች ውድድር ላይ በጥሎ ማለፍ ጨዋታ ግብ ጠባቂው ከመስመሩ ወጥቶ በከፍታ የያዘውን ኳስ በክልሉ ውስጥ ነው ብዬ ባንዲራዬን አወረድኩ፤ ያን ጊዜ ከመስመሩ ሦስት ሜትር ያህል ቀርቼ ነበር። ከተመልካቾች መካከል ከመስመሩ ትይዩ ተቀምጦ በቪዲዮ ካሜራ ይቀርጽ የነበረ አንድ ሰው በማግስቱ ምስሉን አሳየኝ፤ ኳሱ ከግማሽ ሜትር በላይ ወጥቶ ነበር። የተሸነፈው ቡድን ልጆች በዚያ ዓመት ሌላ ጨዋታ አልነበራቸውም። ለሠልጣኞች ስለ አቋቋም ስናገር ድምፄ ከፍ የሚለው ያ ምስል ስለሚታወሰኝ ነው።

እርግጥ ነው፣ መስመሩ ላይ መገኘት በቃል እንደሚነገረው ቀላል አይደለም፤ ረዳት ዳኛው በዚያው ሰዓት ሌላ ጌታ አለውና። ቋሚ ቦታው ከኋላ ሁለተኛ ከሆነው ተከላካይ ጋር እኩል ነው፤ ኳሱ ከዚያ ተከላካይ ይልቅ ወደ ግቡ መስመር ከቀረበ ደግሞ ከኳሱ ጋር እኩል ይሆናል። ረጅሙ ኳስ ሲመታ የመጀመሪያ ግዴታዎ ጨዋታ ውጪ ነው፤ ኳሱ ከእግር በተለየበት ቅጽበት የአጥቂውን ቦታ ማየት አለብዎት፤ ይህን ለ16 ከ50 መስመር ብለው መሠዋት አይገባዎትም። ጨዋታ ውጪ እንደሌለ ባረጋገጡበት ቅጽበት ግን መሮጥ ይጀምራሉ፤ የሚሮጡትም ወደ ኳሱ ሳይሆን ወደ መስመሩ ነው። ብዙዎች ግብ ጠባቂው ሲነሣ አይተው ነው የሚነሡት፤ ያኔ ዘግይቷል። ተከላካዮቹ ወደ ፊት ገፍተው ከጀርባቸው ሰፊ ባዶ ሜዳ ሲተዉ፣ ኳስ የያዘውም አማካይ ራሱን ቀና ሲያደርግ፣ ግብ ጠባቂው እንደሚወጣ አስቀድሞ ይታወቃል።

አጭር ርቀት ሲሆን ፊትዎን ወደ ሜዳው አድርገው በጎን እርምጃ ይንቀሳቀሳሉ፤ ርቀቱ ሲረዝም በቀጥታ ይሮጣሉ፣ አንገትዎ ግን ወደ ሜዳው እንደዞረ ይቆያል። ኳሱና ግብ ጠባቂው ሊገናኙ ሲሉ የመጨረሻዎቹን ሁለት እርምጃዎች ያሳጥሩና ጭንቅላትዎን ያረጋጉ፤ በሙሉ ሩጫ የሚናወጥ ዐይን የ12 ሴንቲ ሜትርን ጉዳይ አይፈርድም። አንድ ሜትር ቀርቶዎት ረግተው ማየት፣ መስመሩ ላይ ደርሰው እየተናወጡ ከማየት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ሦስት እርምጃ ቀርቶዎት ከሆነ ግን፣ እንደ ጃን ሜዳው፣ ስሕተቱ ወዴት እንደሚያዘነብል ማወቅ አለብዎት፤ ወደ መሐል ሜዳ ስለቀሩ ኳሱ ከእውነታው ይልቅ የገባ መስሎ ይታይዎታል፤ እንዲያም ሆኖ ኳሱ በግልጽ ወጥቶ ካዩት በእርግጥ ወጥቷል።

ስለ ሜዳዎቻችንም አንድ ነገር ልጨምር። ጃን ሜዳን በመሳሰሉ ቦታዎች መስመሩ በኖራ ይሰመርና ከመጀመሪያው አጋማሽ ዝናብ በኋላ ግማሹ ይጠፋል። ስለዚህ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የ16 ከ50 መስመር ተቀጥሎ ወደ እርስዎ የሜዳ ዳር ቢደርስ የሚነካበትን ነጥብ ያግኙ፤ ከማዕዘን ባንዲራው 16.5 ሜትር ላይ ነው። እዚያ ይቁሙና በመስመሩ ላይ አሻግረው ይመልከቱ፤ ከወዲያኛው የሜዳ ዳር ባሻገር ከዐይንዎ ጋር የሚገጥም የማይንቀሳቀስ ነገር፣ የብረት ምሰሶም ይሁን የአጥር ማዕዘን ወይም የዛፍ ግንድ፣ ይምረጡና ይያዙት። በእርስዎ በኩልም ከሜዳው ውጪ መሬቱን በተረከዝዎ ጫር ማድረግ ይችላሉ። 16.5 ሜትሩ በእርስዎ እርምጃ ስንት እንደሆነ አንድ ቀን በሜትር ለክተው ይወቁት፤ የእኔ ቁጥር ለእርስዎ አይሆንም። መስመሩ ጨርሶ ከጠፋ ግን በእረፍት ሰዓት እንደገና እንዲሰመር ለዋና ዳኛው መንገር ግዴታዎ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ፊተኛው መስመር፣ ማለትም ከግቡ መስመር ጋር ትይዩ ስለሆነው ነው። የክልሉ ሁለት የጎን መስመሮች ጉዳይ ሌላ ነው፤ በሥልጠና ላይ ብዙ ጊዜ የማይነሣም ይመስለኛል። የክልሉ ወርድ 40.32 ሜትር ስለሆነ፣ 68 ሜትር ወርድ ባለው ሜዳ ላይ ቅርቡ የጎን መስመር ከእርስዎ 13.84 ሜትር ይርቃል፤ የቆሙበት የሜዳ ዳርም ከእርሱ ጋር ትይዩ ነው። በዚህ ምክንያት እርስዎ የትም ቢቆሙ ያን መስመር በጠርዙ በኩል ሊያዩት አይችሉም፤ ሁልጊዜ የሚያዩት በአግድመት ነው፣ ከፍ ያለ ኳስም ሁልጊዜ ወደ ክልሉ ውስጥ የገባ መስሎ ይታይዎታል። ያን መስመር በርዝመቱ ማየት የሚችለው ከፊት ለፊት የሚመጣው ዋና ዳኛ ነው። ከወዲያኛው ወገን ያለው የጎን መስመር ከእርስዎ ከ54 ሜትር በላይ ስለሚርቅና ዋና ዳኛውም በሰያፍ ሲሮጥ ወደዚያ ስለሚያደላ፣ የእርሱ መሆኑ አያከራክርም። ከጨዋታው በፊት በሚደረገው ንግግር ላይ «የፊተኛው መስመር የእኔ፣ የጎኖቹ የእርስዎ» ብሎ መስማማት ጥቂት ሰከንድ ይፈጃል፤ በጨዋታው ውስጥ ግን ሁለት ዳኞች እርስ በርስ እየተያዩ ማንም የማይወስንበትን አሳዛኝ ቅጽበት ያስቀራል።

ግብ ጠባቂው ኳሱን በሰላም ይዞ ለመልቀቅ ወደ ፊት ሲራመድስ? ለረዳት ዳኞች የወጣው የአሠራር መመሪያ ግልጽ ነው፦ ከ16 ከ50 መስመር ጋር እኩል ይሆናሉ፣ ኳሱን ከክልሉ ውጪ በእጁ አለመያዙን ያያሉ፣ ከለቀቀ በኋላ ወደ ጨዋታ ውጪው ቦታዎ ይመለሳሉ። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ ግብ ጠባቂ ኳሱን በእጁ ከ8 ሰከንድ በላይ ከያዘ ለተጋጣሚው የማዕዘን ምት እንዲሰጥ ያዛል፤ የመጨረሻዎቹን 5 ሰከንዶች ዋና ዳኛው እጁን አንሥቶ ይቆጥራል። ቆጠራው የእርሱ ስለሆነ እርስዎ በሰከንዱ አይጠመዱ፤ ሰዓት ያስቸኮለው ግብ ጠባቂ መስመሩን ረግጦ ሲለጋ ኳሱ ከእጁ የተለየው የት ላይ እንደሆነ የሚያይ ከእርስዎ በቀር ሌላ ሰው የለም።

ወደ ምልክቱ ልመለስ። መጀመሪያ ዋና ዳኛውን በዐይንዎ ይፈልጉት፤ የት እንዳለና ምን እያደረገ እንደሆነ ይዩ። እርሱ በቅርብ ሆኖ በግልጽ ካየውና ጨዋታውን ካስቀጠለ የእርስዎ ባንዲራ ሁለተኛ ፊሽካ መሆን የለበትም። እርሱ ካላየና እርስዎ እርግጠኛ ከሆኑ ባንዲራውን ቀጥ አድርገው ያነሣሉ፤ ዐይን ለዐይን ከተያያችሁ በኋላ ጥፋት መሆኑን ለማሳየት በመጠኑ ያወዛውዙታል፤ ከዚያ ጥፋቱ ከክልሉ ውጪ መሆኑን ለማሳየት በሜዳው ዳር ወደ መሐል ሜዳ በግልጽ ጥቂት እርምጃ ይሄዳሉ። ይህ እርምጃ ከባንዲራው ያላነሰ ይናገራል፤ ዋና ዳኛው በጩኸትና በግርግር መካከል ሆኖ የሚያነበው የሰውነትዎን አቅጣጫ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ተከላካይ በክልሉ ውስጥ ጥፋት ሲሠራ ረዳት ዳኛው ባንዲራ ካነሣ በኋላ ወደ ማዕዘን ባንዲራው ይንቀሳቀሳል፤ ትርጉሙም ፍጹም ቅጣት ምት ነው። ሠልጣኞች «ውጪ ሲሆን ወደ መሐል፣ ውስጥ ሲሆን ወደ ማዕዘን» ብለው ይሸመድዱትና፣ ግብ ጠባቂው ኳሱን በክልሉ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ሲይዝም ወደ ማዕዘኑ መራመድ ይቃጣቸዋል። ግብ ጠባቂው በክልሉ ውስጥ በእጁ በመንካቱ ፍጹም ቅጣት ምት ሊሰጥበት አይችልም፤ ስለዚህ ያ እርምጃ ለዋና ዳኛው የሚያስተላልፈው መልእክት ፍጹም የተሳሳተ ይሆናል። ኳሱ ውስጥ ከሆነ ባንዲራዎን ወደ ታች አድርገው መስመሩ ላይ ቀጥ ብለው ይቁሙ። ከጨዋታው በፊት ተስማምታችሁ ከሆነ ባንዲራ ያልያዘውን እጅዎን ከወገብ ዝቅ አድርገው መዳፍዎን ወደ መሬት መዘርጋት ይበቃል።

አሜሪካውያንና ጃፓናውያን በሚወዱት በቤዝቦል ጨዋታም ዳኞች ይኸው ፈተና አለባቸው። ኳስ በመስመሩ አቅራቢያ ሲያዝ ዳኛው መስመሩን በሁለት እግሮቹ መካከል አድርጎ ይቆምና አስቀድሞ ኳሱ በየትኛው ወገን እንደተነካ በምልክት ያሳያል፤ ተያዘ ወይስ ወደቀ የሚለውን የሚወስነው ከዚያ በኋላ ነው። እዚያም የሚታየው የኳሱ ቦታ እንጂ የተጫዋቹ እግር አይደለም። ቅደም ተከተሉን እወደዋለሁ፤ መጀመሪያ የት፣ ቀጥሎ ምን፣ በመጨረሻ ቅጣቱ።

ቅጣቱ ደግሞ አራተኛው ጥያቄዎ ነው። ግብ ጠባቂ ከክልሉ ውጪ ኳስ በእጁ ስለነካ ብቻ ቀይ ካርድ አይሰጠውም፤ ቢጫም ቢሆን የግድ አይደለም። መሠረታዊው ቅጣት ቀጥተኛ ቅጣት ምት ነው። ሆን ብሎ በእጁ በመንካት ተስፋ ያለውን ማጥቃት ካቋረጠ ቢጫ ይሰጠዋል። ቀይ የሚሆነው ግብን ወይም ግልጽ የግብ ዕድልን ሲያጨናግፍ ነው። ዕድሉ ግልጽ መሆኑን ለመፍረድ አራት ነገሮች ይታያሉ፦ ጥፋቱ ከግቡ ያለው ርቀት፣ የጨዋታው አቅጣጫ፣ አጥቂው ኳሱን የመቆጣጠር ወይም የማግኘት ዕድሉ፣ የተከላካዮቹ ብዛትና ቦታ። እርስዎ እንደጻፉት አጥቂው ወደ ማዕዘኑ ይሮጥ ከነበረና ሁለት ተከላካዮች ወደ ግቡ ተመልሰው ከነበረ፣ ኳሱ በእርግጥ ከክልሉ ውጪ ተይዞ ቢሆን እንኳ ቅጣቱ ከቢጫ የሚያልፍ አይመስለኝም። የግብ ጠባቂውን እጅ አልፎ ኳሱ ከግብ ቢቆጠር ደግሞ ግቡ ይጸድቅና ቢጫ ይሰጠዋል፤ ስለዚህ ባንዲራ ለማንሣት አይቸኩሉ፣ የኳሱን መጨረሻ ይጠብቁ።

ከአራቱ መመዘኛዎች መካከል የተከላካዮቹን ብዛትና ቦታ ከማንም በተሻለ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ ከእነርሱ ጋር እኩል ሲሮጡ ነበርና። ዋና ዳኛው ከ40 ሜትር በላይ ርቆ ከመሐል ሜዳ ሲመጣ ያየው ግብ ጠባቂውንና የአጥቂውን ጀርባ ብቻ ሊሆን ይችላል። ካርዱን ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት «ሁለት ተከላካዮች አሉ፣ አቅጣጫው ወደ ማዕዘን ነው» ብለው ቢነግሩት ኖሮ ውሳኔው ሌላ በሆነ ነበር። የጆሮ መነጋገሪያ በሌለበት ጨዋታ ይህን ለማለት ያለው መንገድ ባንዲራውን እንዳነሡ ቆይቶ እርሱ ወደ እርስዎ እንዲመጣ ማድረግ ነው፤ መጠራቱን አይጠላውም።

ልምምዱ ቀላል ነው። ከሥራ ባልደረባዎ ጋር አንድ ጠዋት ጃን ሜዳ ይሂዱ፤ ረጅም ገመድ መሬት ላይ ዘርግተው ባልደረባዎ በገመዱ አጠገብ ኳሱን በተለያየ ከፍታ፣ አንዴ ከውጪ አንዴ ከውስጥ፣ ይያዝ። እርስዎ 30 ሜትር ያህል ርቀው መጀመሪያ ከገመዱ ጋር እኩል ሆነው፣ ቀጥሎ 2 ሜትር ወደ አንዱ ወገን፣ ከዚያም ወደ ሌላው ተዛውረው ፍርድዎን ይናገሩ፤ እርሱ እየመዘገበ ይቆይ። በመጨረሻም ከ20 ሜትር ሮጠው መጥተው ረግተው ይፍረዱ። ዐይንዎ ወዴት እንደሚዋሽ በገዛ ራስዎ መዝገብ ላይ ያዩታል።

ያለፈውን በተመለከተ፣ ዋና ዳኛ ውሳኔውን መለወጥ የሚችለው ጨዋታው እንደገና ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ቅጣት ምቱ ከተመታ በኋላ ያ በር ተዘግቷል። ወደ ፊት ባንዲራውን አንሥተው ወዲያው ጥርጣሬ ቢገባዎት፣ ተጫዋቾቹ ግድግዳ እየሠሩም ቢሆን፣ ዋና ዳኛውን ይጥሩትና እግሩን እንጂ ኳሱን እንዳላዩ በግልጽ ይንገሩት። ስለ ጃን ሜዳው ጨዋታ ግን አሁንም የሚያደርጉት ነገር አለ፦ ያዩትንና ያላዩትን፣ የቆሙበትን ቦታ፣ የአጥቂውን አቅጣጫና የሁለቱን ተከላካዮች ቦታ ጽፈው ለዋና ዳኛውና ለውድድሩ አዘጋጆች ይስጡ። ግብ ጠባቂው ቀጣዩን ጨዋታ ይሰለፍ ወይስ አይሰለፍ የሚለውን የሚወስኑት እነርሱ ናቸው፤ የሚወስኑትም በፊታቸው በቀረበላቸው ጽሑፍ ነው።